ራንዳ የላከችው ድምፅ

ራንዳ ጣይብ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ዴም በሚባል ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ እየነደፈች የምትኖር የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እሷ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ፖርት ሱዳን መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። እናቷ ስንቅነሽ የጭልጋ ሰው ናት። በወጣትነቷ በመተማ በኩል መጥታ እዚያው ቀረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ድረስ አል-ጣኢፍ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት እያጸዳችና እያበሰለች ልጇን አስተማረች። ቤት ውስጥ እናት በአማርኛ ትናገራለች፣ ልጅ በዐረብኛ ትመልሳለች። ከቤት ውጭ ግን ራንዳ ስለ እናቷ አታወራም። መልኳ ወደ አባቷ ስለሚያደላ የሚጠይቃት አልነበረም። ካልጠየቁኝ አልዋሸሁም ትል ነበር ለራሷ።

በፈረንጆቹ 2015 አንድ የሕፃናት ጣቢያ «ዘጠኙ ፋኖሶች» የሚባል ተከታታይ የካርቱን ፊልም በዐረብኛ ማሳየት ጀመረ። ከምድር በታች ያሉ ዘጠኝ ፋኖሶች እየጠፉ ዓለሙ ሲጨልም፣ ጁማና የምትባል ልዕልት መልሳ ልታበራቸው ትወርዳለች። ነስማ የምትባል አገልጋይም የዘይት እንስራ ተሸክማ ከኋላዋ ትከተላለች። ካርቱን ይሁን እንጂ የሚያየው ሕፃን ብቻ አልነበረም። ናዲር የሚባል የፋርማሲ ተማሪ በዋትስአፕ የተመልካቾች ቡድን ከፈተና ስልሳ ያህል ሰው ገባበት። አንድ ክፍል እንዳለቀ፣ ማን ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ ደራሲዎቹ ለምን እንደፈጠሩት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ክርክሩ ይጦፋል። ራንዳ በክርክር በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም። ገጸ ባሕርያቱን እየሣለች ትልካለች፤ ስትጽፍም ታስቃለች። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስም በወርቃማ ቀለም ስትጽፍ ለምትውል ልጅ፣ ስልሳ ሰው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠብቃት ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ክፍል ነስማ አንድ በር ላይ ደረሰች። የበሩ ጠባቂ «እንስራውን አስቀምጪና ውጪ፤ ነፃ ነሽ» አላት። ነስማ በሩን ትንሽ አየችውና ዞራ ወደ ልዕልቷ ተመለሰች። ክፍሉ ከማለቁ ቡድኑ ታመሰ።

«ይቺ ልጅ የራሷ የሆነ ጠባይ የላትም» ብላ ጻፈች ራንዳ። «ዘይት የሚሸከም ሰው ስለፈለጉ ብቻ ነው ያስገቧት። ብትወጣ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። እመቤቷን የምትወድ አገልጋይ ናት፣ ኸላስ። ሌላ ምን አላት?»

ናዲርም ሌሎቹም ተስማሙ። ያኔ ልደት የምትባል፣ እስከዚያ ቀን ቃል ተንፍሳ የማታውቅ አባል የድምፅ መልእክት ላከች። ሐበሻ እንደሆነች፣ አል-ጣኢፍ ሰው ቤት እንደምትሠራ፣ ፊልሙንም ከቤቱ ልጆች ጋር እንደምታይ ነግራቸው ጀመረች። ዐረብኛዋ የተሰባበረ ነው። ወንዱን እንደ ሴት፣ ሴቷን እንደ ወንድ ትጠራለች፤ ናዲርን «ኢንቲ» ብላ «ተሳስተሻል» አለችው። የተናገረችው ግን እንዲህ ነበር፦ ነስማ የተመለሰችው ለልዕልቷ ብላ አይደለም። ዘይቱን የሚለካው ማን ነው? አንዱ ፋኖስ ብዙ ይፈልጋል፣ ሌላው ጥቂት፤ ከበዛበት ይፈነዳል። ልዕልቷ ይህን አታውቅም። ሥራውን የምታውቀው ነስማ ብቻ ሆና እንዴት ጥላው ትሄዳለች?

ራንዳ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አዳመጠችው። ልጅቷ ልክ ናት። እሷ ሠላሳ አንድ ክፍል ሙሉ አይታ፣ ነስማ ዘይቱን እየለካች እንደምትሰጥ አንድ ቀንም ልብ አላለችም። አናደዳት። ስልኩን አፏ አጠገብ ይዛ የልደትን አነጋገር ቀዳች፤ የተዛነፈውን ወንድና ሴት፣ የሚጎተተውን ቃል ሳይቀር። «ነስማ፣ አንተ ሩዙን አሳረርክ! አሁን ልዕልቷ ምን ይብላ?» ብላ ላከችው።

ሳቁ ዘነበ። አንዷ «ሆዴን!» አለች። ናዲር «ወላሂ፣ እንዴት እንዲህ ቻልሽበት?» ብሎ ጻፈ።

ራንዳ ሳታስብ መለሰች። «ቤታችን ሐበሻ ሠራተኛ ነበረችን።»

መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው ቀና ያለችው። እናቷ ገና ከውጭ ገብታ፣ ፊት ለፊቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በቅባት ታሻለች። ልጇ ስትስቅ ስላየቻት እሷም ፈገግ አለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልደት ከቡድኑ ወጣች። ራንዳ መጀመሪያ እፎይ አለች።

ያ ድምፅ ከቡድኑ ወጥቶ ከስልክ ወደ ስልክ ተሻገረ። በሳምንቱ ጁምዓ ረፋዱ ላይ ራንዳ ልብስ እያጠበች ሳለ የገዛ ድምፅዋን ከቤት ውስጥ ሰማችው። ስንቅነሽ ማንበብ ስለማትችል ስልኳን የምትጠቀምበት የአገር ቤት እህቷን ድምፅ ለመስማት ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማዘንጊያ ናት የላከችልኝ» አለች። ማዘንጊያ ጎረቤታቸው ናት። «ይቺን ልጅ ስሚያት እስቲ። የእኛ አገር ልጅ ናት። ሰው ሁሉ እየሳቀባት ነው አሉ፤ ምን አድርጋ ነው?»

ራንዳ ቀና ሳትል «ማድሪ» አለች፤ አላውቅም ማለቷ ነው።

«ሩዝ አሳርራ ነው መሰለኝ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አሳርሬ አራት ቀን ሙሉ ያረረውን አበሉኝ።» ስንቅነሽ መልሳ አጫወተችው። «ምስኪን። ድምፅዋ ገና የልጅ ነው።»

እናቷ አላወቀቻትም። ራንዳ እጇን ሳሙናው ውሃ ውስጥ እንደነከረች ቀረች። እናቷን ዘወትር እንደምትጠራት «ዩማ፣ እኔ ነኝ» ማለት የነበረባት የዚያን ጊዜ ነበር፤ አላለችም። ስንቅነሽ ለዚያች ለሌለች ልጅ ከንፈሯን እየመጠጠች ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ራንዳ ሥራዋ ላይ የሙሽሮች ስም መግደፍ ጀመረች። ናዲርን የልደትን ቁጥር ስትጠይቀው «ቀልድ አይደል እንዴ፤ ምን አስጨነቀሽ?» አለና ላከላት። ለልደት ጻፈችላት። ለሁለት ቀን መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን «ጁምዓ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነኝ፤ ከፈለግሽ ነይ» የሚል መጣ።

ልደት የዕረፍት ቀኗን የምታሳልፈው ከሦስት የአገሯ ልጆች ጋር በተከራየችው አንድ ክፍል ነበር። ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፤ አጠር ያለች፣ ዝምተኛ ሴት። ባለ ሦስት ጎማው ሪክሻ ራንዳን በሩ ላይ ሲያወርዳት፣ ግቢው ውስጥ አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ራንዳ በመንገድ ሁሉ የተለማመደችውን ተናገረች።

«ያ ድምፅ… የእኔ ነው። መጥፎ ነገር ሠራሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልደት አማርኛ ስትሰማ አንሶላውን አስቀመጠች። «ሱዳናዊት መስለሽኝ ነበር። አማርኛ ከየት አመጣሽ?»

«ከእናቴ።»

«ያን አነጋገርስ?»

ልደት መልሱን ሳትጠብቅ ገባት፤ የተቀዳው የእናትየው አነጋገር ነው።

«እኔ ሲስቁብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም» አለች ልደት። «የተናደድኩት በሌላ ነው። ከቤቱ ልጆች ጋር አያለሁ አልኩ እንጂ፣ እነሱስ ፊልሙ ሰልችቷቸው ትተውታል፤ እኔ ብቻዬን ነው የማየው። የማወራው ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። ስለ ዘይቱ ለመናገር ሁለት ሳምንት ነው የተለማመድኩት።» ቀጥላም ጠየቀች፤ «እናትሽ ሰምታዋለች?»

«ሰምታዋለች። እኔ መሆኔን ግን አላወቀችም።»

«አልነገርሻትም?»

«አልነገርኳትም።»

«እና እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችና ልደት አንሶላውን አንሥታ ገመዱ ላይ ዘረጋችው።

ራንዳ የዚያኑ ቀን ለእናቷ ነገረቻት። አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም በአማርኛ ለማለት ሞከረች፤ ቃል ሲያጥራት በዐረብኛ ጨረሰችው። «ሠራተኛ ነበረችን» ያለችውንም አልደበቀችም። ስንቅነሽ አልተቆጣችም። ስልኳን አወጣችና ድምፁን እንደገና ከፈተችው፤ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እኔ እንዲህ ነው የማወራው?» አለች።

ራንዳ ስልኩን ቀስ አድርጋ ከእናቷ እጅ ወሰደችና አጠፋችው። ስንቅነሽ ተነሥታ ምሳ አቀረበች።

በማግስቱ ራንዳ ለቡድኑ ጻፈች። «ሠራተኛ አልነበረችንም። የቀዳሁት የእናቴን አነጋገር ነው። ልደት ስለ ነስማ ያለችውም ልክ ነበር።» ጥቂቶች የልብ ምልክት አደረጉ፣ ሁለት ሰው ወጣ፣ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ናዲር የሚቀጥለውን ሥዕል መቼ እንደምትልክ ጠየቃት። ልደት ወደ ቡድኑ አልተመለሰችም። አልፎ አልፎ ግን አንድ ክፍል ሲያልቅ ለራንዳ ብቻ በአማርኛ ድምፅ ትልክላት ጀመር፤ ጁማና ለምን እንደምትፈራ፣ የበሩ ጠባቂ በፊት ማን እንደነበረ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለችም፤ ራንዳም ደግማ አልጠየቀቻትም።

የከበዳት የእናቷ ነገር ነበር። ስንቅነሽ ከባለሱቁ ጋር በሽንኩርት ዋጋ ስትሟገት ግማሽ መንደር የሚሰማት ሴት ነበረች። አሁን ዕቃውን በጣቷ ታሳያለች። አውቶቡስ ላይ መውረጃዋ ሲደርስ ራንዳን በክርኗ ትነካታለች።

በክረምቱ ጉልበቷ ብሶባት ሐኪም ቤት ሄዱ። ወጣቱ ሐኪም የት እንደሚያማት ሲጠይቃት ስንቅነሽ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ ንገሪው፤ የአንቺ ይሻላል» አለች በአማርኛ።

«ዐረብኛ አታውቅም?» አለ ሐኪሙ።

«ታውቃለች» አለች ራንዳ። «እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው የምትናገረው።» ከዚያ በአማርኛ «ዩማ፣ አንቺ ንገሪው። እባክሽ» አለቻት።

ስንቅነሽ ወለሉን አየች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ራንዳ ሌላ ትንሽ ታገሠች፤ በመጨረሻ የእናቷ ሕመም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የትኛው ጉልበት እንደሚብስ፣ ደረጃ ስትወርድ እንዴት እንደሚያደርጋት፣ ጥርት ባለ ዐረብኛ ነገረችው።