አያ ነጋ በሁዳዴ ምን በሉ?

ዳማ የማታውቁ ሰዎች ይሄን ከማንበባችሁ በፊት የጠርሙስ ቆርኪ ሰብስቡ። የምር ነው። ለጀማሪ እንደ ዳማ የሚቀል የለም። ካርቶን ላይ መስመር ታሰምራለህ፣ ግማሹን ቆርኪ ባፉ ትደፋለህ፣ ግማሹን ታንጋልላለህ፣ የተደፋው የኔ፣ የተንጋለለው ያንተ፣ በቃ። እኔ ግን ማውራት የፈለግኩት ስለ አያ ነጋ ነው። አያ ነጋን ደግሞ ካለ ዳማ ማውራት አይቻልም፣ ዳማውንም ካለ አስማረ። ስለዚህ ከአስማረ ልጀምር፣ ታገሱኝ።

አስማረ አዘዞ ባጃጅ ተራው ፊት ለፊት እንጨት ቤት አለው። በርና መስኮት ይሠራል። የተረፈችዋን ቁራጭ ግን ለማገዶ አይሰጥም፣ ጨዋታ ይሠራባታል። እኛ ባጃጅ የምንነዳው ልጆች ተራ እስኪደርሰን ውሏችን እሱ በረንዳ ላይ ነው። ጨዋታ ደግሞ ዝም ብሎ አይሰጥህም፣ እንደ ሐኪም ነው የሚያዝልህ። መጀመሪያ ያይሃል። ቶሎ ትናደዳለህ? ስንት ሆናችሁ ነው የምትጫወቱ? ማንበብ ላይ እንዴት ነህ? ይልሃል። እኔን “ፋንታሁን፣ አንተ ወሬ ታበዛለህ፣ ብዙ የሚታሰብበት አይሆንህም” ብሎ ኡኖ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ ሰጠኝ። ቀለም ከቀለም፣ ቁጥር ከቁጥር ማገናኘት ነው፣ ትምህርት አይጠይቅም፣ ሞክሩት። ጎረቤቱ ያሉትን በየቀኑ የሚጣሉ አዲስ ሙሽሮች ደግሞ ቁርጥራጭ ሥዕል አዘዘላቸው፣ ያ እየገጣጠሙ አንድ ሥዕል የሚያወጡትን። “አንዱ አንዱን የሚያሸንፍበት ጨዋታ እናንተ ቤት አይግባ” አላቸው። ሥዕሉ ግንቡ ነበር፣ የፋሲል። ግንቡን ተሳስቀው ገጠሙት። ሰማዩ ላይ ሲደርሱ ቁርጥራጩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነባቸውና ተጣሉ። ቢሆንም እስከ ሰማዩ ድረስ ሰላም ነበር።

አንድ ቀን ሚስጥር መጣች። ሚስጥር ገበያው ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ የምትኖረው ከእንጨት ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ነው።

“አስማረ፣ ዓይን የማይፈልግ ጨዋታ አለህ?” አለችው።

“ለማን?”

“ላባቴ።”

አባቷ አያ ነጋ ናቸው። ከደባርቅ በላይ ባለው ደጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ያረሱ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። ቤታቸው ያለው ገደል አፋፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከቤት ሲወጡ አቅጣጫ ስተው ከዘራቸው ገደል ገባ፣ እሳቸው ጫፉ ላይ ቀሩ። ሲያወሩት “ከዘራው ቀደመኝ” ይላሉ፣ ይስቃሉም። ሚስጥር ግን አልሳቀችም፣ በሳምንቱ ሄዳ አዘዞ አመጣቻቸው። ከመጡ ወዲህ ግን ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ብቻ። ሰው አያውቁም፣ ቢያውቁም የሚያወሩት የለም።

“ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ፣ ከገባሁም አልመለስም ብለዋል” አለች ሚስጥር። “ወንድሜ አስናቀው እዚያው ነው፣ ግን እሱ እርሻ ሲውል ብቻቸውን ናቸው። እዚህ የሚያቆያቸው ነገር ካላገኘሁ ያ ገደል ይወስድብኛል።” ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

መጀመሪያ ካርታ ተሞከረ። አያ ነጋ ገና ስሙን ሲሰሙ “ካርታ የሌባ ነው” ብለው ዘጉት። ቀጥሎ አስማረ የእንጨት ግንብ የሚባለውን ጨዋታ አመጣ። ቁራጭ እንጨቶች ተደራርበው ይቆማሉ፣ ከመሀል አንድ አንድ እየመዘዝክ ከላይ ትጭናለህ፣ ያፈረሰው ይሸነፋል። እጅ እንጂ ዓይን አይጠይቅም፣ ይሄንንም ሞክሩት። በረንዳው ላይ አስቀመጥናቸው። አያ ነጋ እጃቸውን ዘረጉ፣ ገና ሲነኩት ያ ሁሉ እንጨት ግርርር ብሎ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።

እኔ አፌ ቀደመኝ። “ምንም አይደል አያ፣ አልወደቀም!” አልኩ።

“ታዲያ የጮኸው ምንድን ነው?”

“ድመት ናት።”

“እንጨት የተጫነች ድመት?” አሉና ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ቤታቸው ገቡ።

አስማረ እኔ ላይ ዞረ። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። “የጠፋው ዓይናቸው ነው! ጆሯቸው አለ! አሳዝነውህ ከለቀቅክላቸው ጨዋታ አይባልም፣ ምጽዋት ነው!” አለኝ።

ከዚያ መሮውን አነሳና የዳማ ሰሌዳ መቆፈር ጀመረ። መሳል አላልኩም፣ መቆፈር። እያንዳንዱ ቤት ቆርኪ ልክ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ አለው፣ እጅ ሲያልፍበት ቆርኪው አይንሸራተትም። የተደፋው ቆርኪ ጀርባው ልስልስ ነው፣ የተንጋለለው ጥርሱ ጣት ላይ ይቆረቁራል፣ ስለዚህ ዳብሰህ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ዳር ደርሶ የነገሠው ላይ ሌላ ቆርኪ ይደረብበታል። እንግዲህ ዳማ ድሮም ለዓይነ ስውር የተሠራ ጨዋታ ነበር፣ እኛ ነን ያላወቅነው።

አያ ነጋ ሰሌዳውን አንዴ ዳሰሱት፣ ፊታቸው ተለወጠ። “ዳማ ነው እንዴ! ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ እንጫወት ነበር እኮ። ጠጠር ለኔ፣ የበግ በጠጥ ለባላጋራዬ።”

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሚስጥር ገበያ ስትወጣ አስማረ ሰሌዳውን ይዞ ይገባል። እኔም ተራዬ ሩቅ ከሆነ እገባለሁ። አስማረ አይራራም። ደጋግሞ አሸነፋቸው። አያ ነጋ ተናደዱ፣ ተራገሙ፣ በማግስቱ ገና በጠዋት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሚስጥር ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወሩ ሁዳዴ ነው። በእነ ሚስጥርና በጎረቤቷ በእትዬ እጅጋየሁ ቤት መሀል ያለው ግድግዳ ደግሞ ድምፅ የማያግድ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። እትዬ እጅጋየሁ ጾም የማታጎድል፣ ጎረቤት ቢያጎድልም የማትወድ ሴት ናት። በዚያ ኮምፔርሳቶ ጠዋት ጠዋት የምትሰማው እንግዲህ ይሄን ነው፦

“ይብሉ እንጂ አያ!”

“አልበላም።”

“አልበላም ማለት የለም፣ ግዴታ ነው! ይብሉ!”

“እሺ፣ ይኸው በላሁ። ይችንም በላሁ። ያችንም።”

“ኧረ ሦስቱን ባንዴ!”

“ወንድ እንዲህ ነው የሚበላ!”

በመሀል ደግሞ “ሸጋ አርገው በሉት አያ!” የሚል ድምፅ አለ፣ እሱ እኔ ነኝ።

ዳማ ላይ የባላጋራህን ቆርኪ ማንሳት ‘መብላት’ ነው የሚባለው፣ የምትበላው ካለ ደግሞ ማለፍ አይቻልም፣ ሕጉ ነው። እትዬ እጅጋየሁ ይሄን በየት ታውቀዋለች? መጀመሪያ ለሚስጥር ነገረቻት። ቀጥላ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ቢያዝን “አያ ነጋ ሁዳዴን ገደፉ፣ አስገድዶ የሚያበላቸው አናጢው ነው” ብላ አደረሰች።

ቄስ ቢያዝንን ከቤተ ክርስቲያን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ በባጃጄ። ለምን እንደሚሄዱ አልነገሩኝም፣ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ኡኖ ነገርኳቸው። ስንደርስ ተከትዬ ገባሁ። አስማረ ሱቁ ሄዷል፣ ሚስጥር ያን ቀን ሥራ ቀርታ ማዕዘኑ ላይ ቁጢጥ ብላለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ “ምነው—” ልል ስል ቄሱ “አንተ እዚያ በር ላይ ተቀመጥ፣ ካሁን በኋላ ቃል እንዳይወጣህ” አሉኝ። ተቀመጥኩ።

“ይፍቱኝ አባቴ” አሉ አያ ነጋ።

“እግዚአብሔር ይፍታ። አያ ነጋ፣ አንድ ነገር ሰማሁ። እውነት በጠዋት ይበላሉ?”

አያ ነጋ ፊታቸው በራ። “እርስዎም ጋ ደረሰ? እበላለሁ እንጂ አባቴ! ድሮም በላተኛ ነበርሁ።”

ቄሱ በዝግታ ቁጭ አሉ። “በጾም?”

“ጾምማ ሥራ ፈትቼ የምውልበት አይደል? የበለጠ ይመቻል።”

“አባቴ፣ እሱ እኮ—” አልኩ።

“ዝም በል ብዬሃለሁ! ... ዛሬስ በልተዋል?”

“ዛሬማ አንድ ሳላስቀር ጠራርጌ ነው የበላሁ።”

“አስማረ ነው የሚያቀርብልዎ?”

“እሱ የት ያቀርባል! ይሰስታል እንጂ። አንዱን ለብቻው ትቶ ዘወር ሲልልኝ ነው ላፍ የማደርገው። ትናንትናማ እንዲያውም እሱ ነው እኔን የበላኝ።”

ቄሱ መስቀላቸውን ጠበቅ አደረጉ። “እርስዎን በላዎት?”

“አሟጦ። ዛሬ ግን ብድሬን መለስሁ፣ መጨረሻ ላይ ንጉሡንም በላሁበት።”

ቄስ ቢያዝን አማተቡ። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ ቢያወግዙኝም ያውግዙኝ ብዬ “ዳማ ነው አባቴ! ቆርኪ ነው! የሚበሉት ቆርኪ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ የቄሱ ጺም መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቃቸውን ይዘው ነው። አያ ነጋ ግን አልሳቁም።

“ምግብ ነው የሚሉኝ የነበረ?” አሉ። “በዚህ ዕድሜዬ ጾም በላ ተባልሁ? ማን ነው ያለ?”

ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ስትስል የነበረች ሰው ሳሏን ዋጠች።

“አባባ፣ እትዬ እጅጋየሁ ተሳስታ ነው” አለች ሚስጥር። “እኔም ርቦዎት መስሎኝ፣ አቅም አጥተው—”

“አንችም አመንሽ?”

ሚስጥር አንገቷን ደፋች። አያ ነጋ አንገት መድፋቷን አላዩም፣ ዝም ማለቷን ግን ሰሙ። “ለአስናቀው ደውይለት። ፋሲካን አልጠብቅም፣ አሁኑኑ መጥቶ ይውሰደኝ” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እትዬ እጅጋየሁ እያለቀሰች መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ ቄሱ ለመኑ፣ ሚስጥር ለመነች። “ይቅር ብያለሁ፣ ግን እሄዳለሁ” ነው መልሳቸው።

እኔ ሮጥኩና አስማረን ጠራሁት። መጣ፣ ነገሩን ሰማ፣ ልመና የለ፣ እግር መሳም የለ፣ ሰሌዳውን ከፊታቸው አስቀመጠና ቆርኪ መደርደር ጀመረ።

“አያ፣ ገና ሳያልቅ ነው እንዴ የሚሸሹት?”

“ማን ነው የሚሸሽ?”

“ዛሬ አንዴ ቢያሸንፉ ነገ እንደምደፋዎት አውቀው ነዋ። ለሰው ደግሞ በእትዬ እጅጋየሁ ተቀይሜ ነው ይላሉ።”

አያ ነጋ ከግድግዳው ዞሩ። “ደርድር!” አሉ።

ቄሱ ግን ሳይሄዱ አንድ ትእዛዝ ሰጡ፣ እስከ ፋሲካ “በላሁ” የሚለው ቃል ቤት ውስጥ እንዳይወጣ፣ ለሰሚ መሰናክል ነው ብለው። መከራችን ተጀመረ። “ወሰድኩ” እንበል አልኩ፣ አስማረ “እትዬ እጅጋየሁ ፖሊስ ትጠራለች” አለ። “ገደልኩ” የባሰ ሆነ። “አነሳሁ” ሲባል አያ ነጋ “የሚነሳ ሬሳ ነው” አሉ። እትዬ እጅጋየሁ እራሷ ከማዶ “‘ማረክሁ’ በሉ!” ብላ ጮኸች፣ በዚያ ጸና። እሷም ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብላ ጠዋት ጠዋት “ማን ማረከ?” እያለች ውጤት መጠየቅ ጀመረች።

ያም ሆኖ ፋሲካ ሲደርስ አስናቀው መጣ፣ አያ ነጋም ቃላቸውን አላጠፉም። ጓዛቸውን አስጫኑ። ሰሌዳውንም ይዘው ሄዱ፣ ሚስጥርን ያስለቀሳት እሱ ነው። “ሰሌዳውን የወሰዱት ላለመመለስ ነው” አለችኝ። አስማረ በዓሉን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ ዋለ።

ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ፣ ባጃጄ ውስጥ ሆኜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ከደባርቅ የመጣ ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ ቆመና አያ ነጋን አወረደ። ሰሌዳው በብብታቸው ነው፣ ጓዛቸው ከነቋጠሮው። ዘልዬ ያዝኳቸው።

“ምነው አያ፣ ምነው ቶሎ?”

“ምን እባክህ፣ አገር ምድሩን አሸነፍሁት” አሉ፣ ልክ እንደተሸነፈ ሰው። “አስናቀውን አሸነፍሁ። ጎረቤቱን አሸነፍሁ። ያ የወፍጮ ቤቱ ባላጋራዬ እንኳ፣ ድሮ በአንድ በጠጥ ጠብ ያነሳ የነበረ፣ እጁን ሳያንቀሳቅስ ‘አሸነፍህ ወንድሜ’ ይለኛል። አዝነውልኝ ነው። ስቀመጥ ያዝናሉ፣ ስነሳ ያዝናሉ። ገና በቁሜ ለቅሶ ተቀመጡልኝ እኮ! ንዳ፣ አስማረ ሳይዘጋ።”

አስማረ ሲያያቸው ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠም፣ ቆርኪውን ደረደረ። ጥቂት እንደተጫወቱ አያ ነጋ እየዳበስሁ ነው ብለው እጃቸውን ሰሌዳው ላይ አሳለፉ።

“አያ! እጅዎን ያንሱ!” ብሎ አስማረ ጮኸ። “መዳሰስ ነው የተፈቀደው፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ማሻገር አይደለም!”

“ዓይኑን ያጣ ሰው እንዲህ ይሰደባል?”

“ሌባ ነው ያልኩት፣ ስለ ዓይንዎ ምንም አላልኩም!”

“ሚስጥር! ይሄ አናጢ ምን እንደሚለኝ ትሰሚያለሽ?” አሉ አያ ነጋ። ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸው እንዲያ ደምቆ ሰምቼው አላውቅም።

ሚስጥር መምጣታቸውን ሰምታ እንጨት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ቋጠሯቸውን አንስታ ወደ ቤት ገባች፣ ፈታችና ጋቢያቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። እነሱ መሄዷንም አላወቁ፣ ያ ቆርኪ ከየትኛው ጉድጓድ ነው የተነሳው በሚል ገና እየተጨቃጨቁ ነበር።