የለቅሶ ቤት ውሃ

ቢየል ድሮም ቆሞ ሻይ የሚጠጣ፣ ችኩል ሰው ነው። ኩዋኒ ከሞተ ወዲህ ግን ጭራሽ ባሰበት። ይቀመጥና ይነሳል፤ ግቢ ወጥቶ የጭነት መኪኖቹን ይዞራል፤ ተመልሶ ስልኩን ያነሳና ሳይደውል ያስቀምጠዋል። እኔ የቢሮው ሾፌር ነኝ፤ ውዬ የማድረው ሰው ሳይ ነው። ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር አልዋጥ ብሎታል አልኩ ለራሴ።

ድርጅታችን ከጋምቤላ ወደ ኩሌና ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያዎች እህል ያጓጉዛል፤ ቢየል የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ኢታንግ አድጎ፣ ጅማ ማኔጅመንት ተምሮ፣ በጥረቱ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ስለ ንግድ ሥነ ምግባርና ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት ሠልጥኖ ያመጣውን ሰርተፍኬት ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከደቡብ ሱዳኗ ናስር የሚመጡ ዘመዶቹ ሥራ ሲለምኑት እንኳ "ተወዳድራችሁ ግቡ" ብሎ ይመልሳል፤ በዚህ የተነሳ ያልተቀየመው ዘመድ የለም። እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው እንዲያ ዕረፍት ማጣቱ ያናደደኝ።

ኩዋኒ ጫኝና አውራጅ ነበር። ወደ ኩሌ ሲሄዱ መኪናው አንድ ድልድይ ጋ አልቆም ብሎ ተገለበጠ። ከጆንያው ላይ ተቀምጦ የነበረው ኩዋኒ እዚያው ሞተ፤ ሾፌሩ ኒካው ተረፈና ታሰረ። "ፍሬን እምቢ አለኝ" ቢልም ማን ሰምቶት? ሾፌር ሁሉ የሚለው ነው ተባለ። "ፈጥኖ ነው" አሉ። እኛም ሾፌር ሆነን "ፈጥኖ ነው" አልን።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ነጅሚያ የምትባል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስቀበላት ጀምራ የምታወራው ስለ ውሃ ጉድጓድ ነበር፤ ድርጅቱ ኒውላንድ በሚባለው የሟቹ ሰፈር በኩዋኒ ስም ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስታወራ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ወደ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ግን ወደ ቢየል ዞር አለች።

"አቶ ቢየል፣ 'ጥፋተኛ ነን' የሚል ቃል ብቻ ከአፍዎ እንዳይወጣ። የሕግ ክፍል አደራ ብሏል።"

"ሰምቻለሁ" አለ። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

ኛሙዎች የምትባለው የኩዋኒ እናት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ የጉድጓዱን ወሬ አስቀድማ ሰምታለች። ሙቀቱ ልብ ያጠፋል። በቅል ውሃ አመጣችልን። ነጅሚያ አመስግና ጭልጥ አደረገችው። ኛሙዎች ቅሉን ደግማ ሞላችና ለቢየል ዘረጋችለት።

እዚህ ላይ የኑዌርን ወግ ላላወቀ ሰው ልንገር፤ እኔ ጋምቤላ ተወልጄ ስላደግሁ ቋንቋውንም ወጉንም አውቃለሁ። በሁለት ቤት መካከል ደም ካለ፣ በስህተት የፈሰሰም ቢሆን፣ ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቅ ድረስ አንዱ የሌላውን እህልና ውሃ አይቀምስም። ቢቀምስ መቅሰፍት ይመጣል ይላሉ። ስለዚህ ያን ውሃ መጠጣት በመካከላችን ምንም የለም ብሎ እንደ መማል ነው።

ቢየል "ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ይህን ትቼዋለሁ" ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቅሉን ተቀበለና ወደ አፉ አስጠጋ። ከንፈሩ ሳይነካው መልሶ ዝቅ አደረገው። ጠጣና እንገላገል ብዬ በሆዴ ለመንኩት፤ የድርጅቱ ነገር የእኔም እንጀራ ስለሆነ ፈርቼ ነበር።

አልጠጣም። ቅሉን መሬት አስቀመጠና በኑዌርኛ ተናገረ።

"ማማ፣ ውሃሽን መጠጣት አልችልም። መካኒኩ የፍሬኑ ሸራ አልቋል ብሎኝ ነበር። ኒካውም አልነዳም ብሎኝ ነበር። የዛሬን ብቻ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ ነገ ይቀየራል ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ። እህሉ ከዘገየ ውሉን እናጣለን ብዬ ነው። አሁን ከዚህ ወጥቼ ለፖሊስም ይህንኑ እናገራለሁ።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የቢየልን ያወጣው ውሃ ነው። ነጅሚያ ክንዴን ይዛ "ምን አሉ?" አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"የጉድጓዱ ነገርስ?" አለች ቀስ ብላ።

ኛሙዎች ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ቅሉን አነሳችና ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። ቀና ብላ ቢየልን አየችው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቁነጠነጥ ቆመ።

"አንተንና ጌቶችህን ሽማግሌዎች ፊት አያችኋለሁ" አለችው። "ጉድጓድ የምትሉትንም ከዚያ በፊት እንዳትነኩት።"

ከዚያ ለጎረቤቶቿ ተናገረች።

"የኒካው እናት ልታለቅስልኝ መጥታ ነበር። ልጅሽ ልጄን ገደለው ብዬ ከደጄ መለስኳት። ከልጅነታችን ጀምሮ ከባሮ አብረን ውሃ የቀዳን ነን።"

ልብሷን ሰብስባ ተነሳችና ወደ እኔ ዞረች።

"መኪናህን አስነሳ" አለችኝ። "እሷ ቤት ሄጄ ውሃ እለምናለሁ።"