ለእግሬ የተሰጠ ውሃ

መርሳ፣ የእህል መጋዘን በር ላይ የያዙን ሰዎች ጫማችንን አስወለቁን። የተያዝኩት በጦርነቱ መሃል፣ "ስልክ ደብቀህ መረጃ ታቀብላለህ" ተብዬ ነው። አስተማሪ ነበርኩ። ስልኬ ውስጥ ከተማሪዎቼ ውጤት በቀር ምንም አልነበረም፤ ግን ማን ይሰማኛል? ግቢው ጠጠር ነው። ገብቼ ስቀመጥ ሲሚንቶው ላይ የደም አሻራ አየሁ። የራሴ ነበር፤ የእግሬ አውራ ጣት ሥር ተሰንጥቋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳው ነበር። እኔ ግን ስኳር ከተገኘብኝ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ወልድያ የሚከታተለኝ ሐኪም "ደም ስሮችህ ገና ደህና ናቸው፤ አሁን ካልጠበቅካቸው ግን ኋላ አይመለሱም፤ በተለይ እግርህን" ብሎኛል። መድኃኒቴ ቤት ቀርቷል። ቁስሉ ካመረቀዘ እግሬን ላጣ እንደምችል አውቃለሁ። ፈራሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ከግራና የመጡ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። በአገራቸው የውሃ አባት ናቸው፤ የመስኖውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍሉ። እግሬን ሳገላብጥ አዩኝ።

"ይቺን ታክል ቁስል ምን አስፈራህ፣ ልጄ?"

"ስኳር አለብኝ፣ አባባ። ስኳሩ ሲበዛ ደም ስሩን እያጠበበው ይሄዳል። ደም በደንብ ካልወረደ ደግሞ የእግር ቁስል ቶሎ አይድንም።"

ጎንበስ ብለው እግሬን አዩት።

"ቦይ ደለል ሲይዘው ቀድሞ የሚደርቀው ጫፍ ያለው ማሳ ነው" አሉ።

ሐኪሙ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስረዳኝን ነገር እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ውሃ የሚሰጠን በቀን ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ ነበር። እሳቸው ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ ያስቀምጣሉ። በማግስቱ ያስቀመጡትን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እግርህን እጠብበት።"

"ሶላትዎስ?"

"አሏህ ገር አርጎታል። ውሃ የቸገረው ሰው አፈር ይበቃዋል። ተራው ያንተ ነው።"

ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር በመዳፋቸው መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ከዚያም ተነስተው ሰገዱ።

ስኳሩ የጨመረበት ሰው ጥም አይጣል ነው። እሳቸው ሲሰግዱ ውሃውን ጠጣሁት። አንድ ጠብታ እንኳ እግሬን አልነካም። ጨርሰው ሲዞሩ ጣሳው ባዶ፣ እግሬ ደረቅ ነው። አፈርኩ።

"ጠጣሁት፣ አባባ።"

ጣሳውን አንስተው አዩት።

"ከቦይ ውሃ የሚሰርቅ ስንቱን አይቻለሁ" አሉ። "ራሱ መጥቶ የነገረኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። አብሽር። ነገም ተራው ያንተ ነው።"

በሚቀጥለው ቀን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። ጣሳውን ተቀበልኩና እያዩኝ እግሬን አጠብኩ፤ በጣቶቼ መሃል ያለውን ሳይቀር። ከሸሚዜ ቀድጄ አደረቅኩት፤ በሌላ ቅዳጅ ጠቀለልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እኔ ተፈትቼ እስክንለያይ ድረስ፣ ዘጠኝ ቀን እኔ በውሃ ታጠብኩ፣ እሳቸው በአፈር ሰገዱ። ጥም ቢያቃጥለኝም ሁለተኛ አልጠጣሁም።

ቁስሉ ዳነ። መንገዱ ሲከፈት ላመሰግናቸው ግራና ሄድኩ። አልደረስኩባቸውም፤ ከእስር ወጥተው ብዙም አልቆዩም። ልጃቸው መቃብራቸውን አሳየኝና በምን እንደምንተዋወቅ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ቀን የውዱእ ውሃቸውን እየወሰድኩ እግሬን እንዳጠብኩበት ነገርኩት።

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ።

"አባባ እኮ 'በውሃ አልተቸገርንም ነበር' ነው ያሉን" አለኝ።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።