የጉባኤው ቅቤ

ስለዚያ ሰውዬ ሳወራ አንቱ ልለው አፌ እምቢ ይለኛል። በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም የንብረት ኃላፊም ነበር፤ በቀበሌ ደግሞ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ። ሶዶ ውስጥ ስብሰባ ካለ እሱ አይጠፋም። ስለ ትሕትና ሰብኮ ሲጨርስ ወንበር እስኪያቀርቡለት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

ያኔ ኮሌጅ ስማር የምኖረው አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ ዓይናቸው የደከመ፣ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጡ ባልቴት ናቸው። ጠዋት ሲጸልዩ እግዚአብሔርን እንደ ጎረቤት ጮክ ብለው ነው የሚያዋሩት፤ አንዳንዴም ይቆጡታል።

ለወጣቶች ጉባኤ ከጉኑኖ እስከ ዲምቱ ያሉ እናቶች ቅቤ አዋጥተው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት የምትይዘው ልጅ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥራ ትልቅ ማሰሮ ሞላች። አርብ ማለዳ በሩን ስትከፍት ማሰሮው ተጋምሷል። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም አልተነካም። ልጅቷ ራሷ ሮጣ ለሽማግሌዎቹ ተናገረች፤ እነሱም የተናገረችዋን እሷኑ ያዙ።

ያን እሁድ የጋብቻ ማስታወቂያዋ ሊነበብ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጋቢዎች በምእመናን ፊት ይታወጃሉ፤ «ተቃውሞ ያለው ይናገር» ይባላል። ሳይታወጅ የሚጋባ የለም። የእጮኛዋ ቤተሰቦች የቢጠና ሰዎች ናቸው፤ ወሬው ዕለቱኑ ደርሷቸው «ያልታወጀች እንደሆነ እኛም የለንበትም» ብለው ላኩባት።

ሽማግሌዎቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ገመገሟት! ከቀበሌ የለመዱትን ይዘው መጡና ልጅቷን መሃል አስቀምጠው «ሂስሽን ዋጪ» አሏት። አለቀሰች፤ ተጸጸተች ተባለ። ዝም አለች፤ አመነች ተባለ። ከመካከላቸው አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ነጠላ የለበሰች ሴት ማሰሮ ተሸክማ ታየችኝ» አለ። ወይ ጉድ! እስቲ ነጠላ የማትለብስ የቤተ ክርስቲያናችንን ሴት አሳዩኝ። የወጥ ቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ በንብረት ኃላፊው ኪስ ውስጥ መኖሩ ግን ለአንዳቸውም አልታየም። ማስታወቂያው ታገደ።

የዚያኑ አርብ ከሰዓት በኋላ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ይኸው ሰውዬ ሊመሰክር ተነሣ። ለመስቀል የሚያደልበው በሬ የስኳር ድንች ሐረግ ከነእርጥበቱ በልቶ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ነበር። «ትናንት ማታ እጄን ጫንኩበት፣ ጸለይኩ፣ ጌታ አስነሣልኝ!» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። አክስቴ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም።

ስንመለስ «አባቴ ቤት በሬ ሲነፋ ጸሎትም ነበረ፣ በጉሮሮው የሚንቆረቆር ቅቤም ነበረ» አሉኝ። «ይሄ ሰው ጸሎቱን ብቻ ነው የነገረን።»

ቅዳሜ «እንኳን ተረፈላችሁ» ልንል ቤቱ ሄድን። እሱ እንደ ልማዱ ስብሰባ ላይ ነበር። በሬው ጋጡ ውስጥ በመጋረጃ ተጋርዷል። ሰው ዓይን ይገባብኛል ብሎ ሲፈራ «እምነት የለሽ!» እያለ የሚገሥጽ እሱ፣ የራሱን በሬ ከሰው ዓይን ደብቆ ያደልባል። ሚስቱ ልታስገባን ፈራች።

አክስቴ «የኔ ልጅ፣ የእኔ ዓይን እንኳን በሬ ሊጎዳ በሩንም በቅጡ አያይ» አሏት። ሳቀችና አስገባችን።

አክስቴ የበሬውን አንገት ዳሰሱ፤ ገመዱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ቅቤ ነው ያጠጣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ቅቤ ከየት ይምጣ እማማ! የነበረኝን ለጉባኤው ሰጥቻለሁ። እሱ ነው ዘይት ብሎ በጀሪካን ይዞ መጥቶ ያጠጣው።»

ገመዱን ለእኔ አቀበሉኝ። ኮሰረትና ኮረሪማ! ያ በሬ የዓመት በዓል ወጥ ወጥ ይሸታል። አክስቴ ለሴትየዋ ምንም አላሏትም፤ መርቀዋት ወጣን።

ማታ ሰውየውን አስጠሩት። መጀመሪያ ካደ፣ የገመዱን ሽታ ሲነግሩት ግን አመነ። «እተካዋለሁ እማማ፣ ጨንቆኝ ነው» አለ።

«ቅቤውን ተወው። በሬ ሊሞትበት ሲል የማይጨንቀው የለም። ያንተን ግን ልጅቷን አሸከምካት፤ ጌታንም ለሐሰትህ ምስክር ቆጠርከው። ነገ በሰው ፊት ታስተካክለዋለህ።»

«እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለ። እኔ አላመንኩትም፤ አክስቴ ግን ሰው ይመለሳል ብለው ያምናሉ።

እሁድ ማይኩን ያዘ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህች እህታችን ተጸጽታለች» አለ። «እኛም በፍቅር ይቅር ብለናታል። እናጨብጭብላት!»

ይቅር አላት! ሰርቆ ይቅር ባይ ሆኖ አረፈው! ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

አክስቴ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ጭብጨባውን አቁሙ! ይቅር መባል ያለበት በሬውን በጉባኤው ቅቤ አድኖ ጸሎቴ ነው ያለን እሱ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰውየው «እማማ አርጅተዋል፣ እንጸልይላቸው» ሊል ሲጀምር ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። «ዘይት ነው አላልከኝም?» አለችው። ያን ጊዜ ማይኩን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ «ወገኖች፣ ጉዳዩን በጸሎት እንዝጋው» አለ። እንዴት ይወዳሉ መዝጋት!

ልጅቷ ከኋላ ተነሣች። «አትዝጉት። ማስታወቂያዬን ንገሩልኝ። በእሱ አፍ ግን አልፈልግም።»

አክስቴ በከዘራቸው እየተደገፉ ሴት ቆማ ወደማታውቅበት መድረክ ወጡና ማይኩን ከሰውየው እጅ ወሰዱ። የልጅቷንና የእጮኛዋን ስም ከነአባታቸው ጠሩ። «እነዚህ ሁለቱ ሊጋቡ ነው። ተቃውሞ ያለው ይናገር» አሉና ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ ወንበር አዞሩ። ከአርብ ጀምሮ ሲፈርዱባት ከነበሩት ሁሉ አንድም ትንፍሽ ያለ አልነበረም።