የቆረጥሁት መረብ

ከመርሳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ለመስኖ የተሠራ አንድ ግድብ አለ። ትልቅ አይደለም፤ ቀልጠፍ ያለ ሰው በአንድ ሰዓት ዞሮት ይመለሳል። ሲሠራ ሁላችንም ያሰብነው ሽንኩርቱንና ማሽላውን ነበር። ዓሣውን የግብርና ሰዎች በኋላ አምጥተው ለቀቁበት፤ አብዛኛው ሰውም ረሳው። ካልረሱት ጥቂቶች አንዱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደሴ ወልድያ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መንጠቆ መጣል የተማሩት ሐይቅ ከተማ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው መለዋወጫ ሲጠብቁ በሰነበቱበት ሳምንት እንደሆነ አጫውተውኛል። እኔ እዚያው መርሳ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በተለያየን ዓመት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ በእግሬ ወርጄ ግድቡ ዳር ስደርስ ሰውዬው ሸምበቋቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ተቀብለው፣ ማን እንደሆንሁ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ትርፍ ክር ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ያህል ቅዳሜዬ የሳቸው ሆነ። ጠዋት ሱብሒ ሰግደው ይወርዳሉ፤ እኔ አርፍጄ እደርሳለሁ። ወሬ አያበዙም። "መምህር፣ አትጎትተው፤ መጀመሪያ እሱ ይጎትትህ" ይሉኛል። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ነበር የምንይዘው፤ በደህና ቀን አራትም አምስትም። ከመዳፋቸው የሚያንሰውን አይወስዱም። እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ መንጠቆውን ቀስ አድርገው ነቅለው፣ "ሂድ፣ ከርመህ ና" ብለው ይለቁታል። በደረቅ እጅ ከተያዘ ገላው ይላጣል ብለው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ የባዮሎጂ መምህሩ አላውቅም ነበር።

በኋላ ልጆቹ መጡ። አሥር የሚሆኑ ሥራ ያጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ የፈቃድ ወረቀት ተሰጥቷቸው፣ መረብ ይዘው። መሪያቸው የድሮ ተማሪዬ ነበር፤ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጧል። በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ተንሳፍፎ መረብ ሲዘረጋ ሳየው በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰውዬውም "አላህ ይባርክላችሁ" ብለው መረቋቸው። ልጆቹም የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ሁለት ዓሣ ሰጡን።

በጾም ወራት የወልድያ ሆቴሎች ዓሣ ይፈልጋሉ። አንዱ መረብ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት። በዓመቱ እኛ ዳር ላይ የምንይዘው ቁጥሩ እየሳሳ ሄደ፤ መጠኑም አነሰ። ሰውዬው ይዘው የሚለቁት ከሚወስዱት በለጠ። ኋላ ላይ አንድ ቅዳሜ አንዱን መረብ ከውሃው ሳብ አድርገው ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ሞከሩ። አንድ ጣት ብቻ ገባ።

"ልጄ፣ ይሄ መረብ አይደለም፤ ወንፊት ነው" አሉት ተማሪዬን።

"አባባ፣ አንቱ ለጨዋታ ነው የሚመጡት። እኛ ለእንጀራ ነው" አላቸው። በቁጣ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር።

"እንጀራህንም እኮ ይኼው ነው የሚበላብህ።"

ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ቀበሌው አዳራሽ ጠራን። በእኛ በኩል መንጠቆ የምንጥል ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ወረቀት ያለው ግን ማንም የለም። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ይህን ደጋግሞ ተናገረ። "እናንተም ተደራጁ" አለን። ሰውዬው ጡረተኛ ናቸው፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፣ እኔ መምህር ነኝ፤ በምን እንደራጅ? ያም ሆኖ ስምምነት ተደረሰ፦ ጠባቡ መረብ ይወገዳል፤ ክረምቱን፣ ዓሣው በሚራባበት ጊዜ፣ ደንገል ወደበቀለበት ዳርቻ መረብ አይጠጋም። ሁላችንም ፈረምን። ስንወጣ ግን በር ላይ ከልጆቹ አንዱ ስቆ "ክረምቱን ታዲያ ምን እንብላ?" ሲል ሰውዬው ሰሙት። ዘወር ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ያንን መረብ የሚቆርጥ እጅ ይባረክ" አሉ። እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

ሐምሌ ላይ መረቡ ደንገሉ ውስጥ ተዘረጋ። ለቀበሌ ተናገርን፤ "እናያለን" ተባለ። ነሐሴ ገባ።

በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በትምህርት ቤት ጉዳይ አርፍጄ ወረድሁ። መንገድ ላይ ሰውዬው ለዙህር ሶላት ሲመለሱ ተገናኘን። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። "ዛሬ አትድከም" ብለውኝ አለፉ። እኔ ግን ቀጠልሁ። ልጆቹ ዓሣ ጭነው ወደ ዋናው መንገድ ወጥተዋል፤ ግድቡ ዳር አንድም ሰው የለም። ደንገሉ ጋ ስደርስ መረቡን አየሁት። ጫፉን ሳብሁት። አንዲት ቆሮሶ በስንጥቧ ተይዛ ትንፈራገጣለች። ሳነሣት አፏን ከፈተች፤ ከአፏም የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች እጄ ላይ ፈሰሱ።

ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ በክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ተማሪዬንም አስተምሬዋለሁ፤ "ታዲያ በምን ትበላለች?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጫጩቶቹን ወደ ውሃው ለመመለስ ሞከርሁ። ጥቂቶቹ ዋኙ፤ የቀሩት ጣቴ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ዓሣ የምገፍፍበትን ቢላ አወጣሁና መረቡን ቆረጥሁት። አንድ ቦታ አይደለም፤ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ከዳር እስከ ዳር ተለተልሁት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ስጨርስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሰውዬው ተከሰሱ። ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት ግድቡ ዳር ያዩት እሳቸውን ብቻ ነበር። በአዳራሹ በር የተናገሩትንም ሁሉም ሰምቷል።

ጉዳዩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ከመስጊዱ አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። እኔም ሄድሁ፤ ከኋላ ቆምሁ። አንድ ሽማግሌ "በቁርኣን ይማሉና ነገሩ ይለቅ" አሏቸው። ሰውዬው ግን፣ "ለመረብ ብዬ ቁርኣን አልይዝም። አልቆረጥሁም ብያለሁ፤ ያመነ ይመን" አሉ።

ሰው አጉረመረመ። አለመማላቸው እንደ ማመን ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ግድቡ ዳር እንዳይደርሱ ተወሰነ። "እሺ" ብለው ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ "ደህና ዋል መምህር" አሉኝ።

ለምን አልተናገርሁም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቻለሁ። ያስተማርኋቸው ልጆች ፊት መረብ ቆራጭ ሆኖ መታየቱ አሳፈረኝ። ደግሞም ነገ እናገራለሁ አልሁ። ነገ አልፎ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ሰውዬው መርሳ ዋናው መንገድ ዳር አንድ ሱቅ ደጃፍ እየተቀመጡ አውቶቡስ ሲያልፍ ያያሉ ይሉኝ ነበር። እኔ መንገዴን ለውጬ በጓሮ መመላለስ ጀመርሁ።

የሄድሁት ጥር ላይ ነው፣ ቤታቸው ድረስ። ልጃቸው ወልድያ ልትወስዳቸው ዕቃ እየሸከፈች ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ "መረቡን የቆረጥሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው።



"ያን ቀን ወደዚያ ስትወርድ ስላየሁህ ጠርጥሬ ነበር" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ።"

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ለመንኋቸው። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል በእጃቸው አገዱኝ። "ያኔ ብትናገር ለኔ ነበር" አሉኝ። "አሁን የምትናገረው ለራስህ ነው። እኔ ከዚህ አገር ልሄድ ነው፤ ምን ላድርግበት?" ልጃቸው ሻይ ይዛ ገባች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ወልድያ ቤት ኪራይ አወራን። ተሰናብቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ወልድያ ለስብሰባ ስሄድ በሰፈራቸው አካባቢ በባጃጅ አልፌያለሁ፤ አልወረድሁም።

ዓሣውም አልቀረም፣ አለቀ። ልጆቹ ሌላ መረብ አመጡ፤ ከፊተኛው የባሰ ጠባብ። ቆሮሶው ሲጠፋ ሌላውን ዓሣ፣ አምባዛውን፣ ጨረሱት። የግብርና ሰዎች አንድ ጊዜ እንደገና ጫጩት አምጥተው ለቀቁ፤ መዳፍ ሳያክል ተጠርጎ ወጣ። ማኅበሩ ፈረሰ። ሁለቱ በጅቡቲ በኩል አረብ አገር ሄዱ አሉ፤ የሌሎቹን አላውቅም።

ተማሪዬን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው፣ ከደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ። ከጎኔ ተቀመጠ። ጠቁሯል፤ ብሎኬት ማምረቻ ቀን ሥራ እየሠራ ነው። ስለ ድሮ ጓደኞቹ ሲያጫውተኝ ቆየና፣ ወሬው ወደ ግድቡ ሄደ።

"ቲቸር፣ እኒያ ሽማግሌ ጉድ ሠሩን እኮ" አለኝ። "ያን ክረምት ሰፊውን መረብ ልንገዛ ተስማምተን ነበር። እሳቸው ሲቆርጡብን የነበረን ሁሉ ሄደ። ርካሹን ገዛን። ርካሹ ደግሞ ጠባቡ ነው።"

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰው ያለፈውን ሲያወራ ራሱን ደህና አድርጎ ያስቀምጣል፤ እኔም ይህን ስጽፍ ሳላደርገው አልቀረሁም። ግን እውነት ሊሆን ይችላል። አፌን ከፈትሁ። ረዳቱ "ውርጌሳ ወራጅ" አለ። ልጁ ቦርሳውን አንሥቶ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "በርቱ ቲቸር" ብሎ ወረደ። ሚኒባሱ ሌላ ሰው በቦታው ጭኖ ወደ መርሳ ቀጠለ።