የሚስ ካፍሪ መልስ

ፊሎሚና ካፍሪን ሰፈሩ የሚያውቃት በኩራቷ ነው። እኔ ግን ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ስለሆንኩ ሌላም ሌላም አውቃለሁ። ቤታችን ደብሊን ውስጥ፣ ከላንስዳውን ሮድ ስታዲየም ጀርባ ነው። እሷ እንግዳ ታሳድራለች፤ እኔና ባሌ ደግሞ ሥጋ ቤት አለን። ለቁርስ የምትጠብሰውን ቋሊማ ከእኛ ነው የምትገዛው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳትነጫነጭ ወስዳ አታውቅም። "ኡና፣ ይኼ ሥጋ ነው ወይስ ዳቦ ጠቅጥቃችሁበት ነው?" ትለኛለች፣ ያውም ደንበኛ ፊት። ባሌ ቢላዋውን ይዞ ጥርሱን ይነክሳል። እኔ እስቃለሁ። ሌላ ማን አላትና ትነጫነጭበት?

በየዓመቱ ብርዱ ሳይለቅ አምስት አገሮች በራግቢ ይገጥማሉ፦ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ ፈረንሳይና እኛ አየርላንዶች። ዘንድሮ እነሱ ከመጡ ለከርሞ እኛ እንሄዳለን፤ በተራ ነው። ዌልሶች በሚመጡበት ዓመት ፊሎሚና ቤት ስድስት ሰዎች ያርፋሉ፤ ሁሉም የአንድ መንደር ልጆች፣ ሁሉም የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች። የአገራቸው ምልክት ነውና ደረታቸው ላይ ባሮ ሽንኩርት ሰክተው፣ ከመርከቡ ጀምሮ እየዘፈኑ ይመጣሉ። እሷ በር ላይ ቆማ ሽንኩርቱን ከየደረታቸው ትነቅላለች። "ይኼ ቤት እንጂ ጓሮ አይደለም" ትላቸዋለች። ማታ ሾርባቸው ውስጥ ያገኙታል።

ከስድስቱ አንዱ ኤምሊን ፕሮሰር ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ እጁ አካፋ የሚያህል ሰው ነው። ወሬ አይችልም። ሲዘፍን ግን ሌላ ሰው ነው፤ የኔ ቤት ስኒዎች መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ጓደኞቹ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እሱ ወደ ኋላ ይቀርና ሳህን ያደርቅላታል። እኔ እንኳ አንድ ቀን "ፊሎ፣ ይኼ ሰውዬ ኪራይ እየከፈለ ሳህን የሚያደርቀው ለምንድን ነው?" ብያት፣ "ሳህን ይወዳል" አለችኝ። ፊቷ ግን ቀላ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ዌልሶችን አንድ ነጥብ ሳናስቆጥራቸው ሸኘናቸው። በማግስቱ ጠዋት ቋሊማ ላደርስ ስገባ፣ ኤምሊን ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ጓደኞቹ ውጭ ሆነው ይጮኹበታል። እኔን አላየኝም፤ ቢያየኝም ኖሮ የሚመለስ አይመስለኝም።

"ሚስ ካፍሪ" አላት ኮፍያውን እያሻሸ፣ "እኔ ሰው አለኝ የምለው የለኝም። እርስዎም ያው ነዎት። ብንጋባስ?"

"እናቴ ፎቅ ላይ ተኝታለች" አለችው።

"እናትዎን አይደለም የጠየቅኩት።"

ሳቋን ለመደበቅ ዞር አለች። "በሚቀጥለው ሲመጡ መልሴን እነግርዎታለሁ። አሁን ይሂዱ፣ መርከቡ ያመልጥዎታል።"

ሁለት ዓመት ቆይ ማለቷ ነበር። እንደሱ ያለ ሰው ግን ቆይ ሲሉት ይቆያል። ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

የናትየዋ ነገር ቀልድ አይደለም። አሮጊቷ ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ሁሉ ጭራ አለው ከሚሉት ወገን ነበሩ። ሰውየው ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቷን ጥላ የት ትሂድ? እንዲህ ያለውን አማችስ እንዴት ታስገባባቸው? አሮጊቷ በሚቀጥለው ዓመት በጋ ላይ አረፉ። ነፍስ ይማር፣ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን ቤቱን በሙሉ ተኝተው ይገዙት ነበር።

ፊሎሚና ሐዘኗን ከጨረሰች በኋላ ሥጋ ቤት መጣች። ጉበት እየመዘንኩላት ሳለ "እሺ ልለው ነው" አለችኝ።

"እሰይ። ጻፊለታ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"በአፉ ነው የጠየቀኝ፣ በአፌ እመልስለታለሁ። ደግሞ ጉበቱን በደንብ መዝኚ።"

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ፀጉሯን ተሠራች። የፊት ለፊቱን ክፍል ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ቀባችው። በዚያ ክረምት ደስ ብሏት አየኋት፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ስለ ቋሊማው ምንም ሳትል ወሰደች።

የ1972ቱ ውድድር ተጀመረ። ፓሪስ ላይ ፈረንሳይን አሸነፍን። በማግስቱ እንግሊዝ በምትገዛው ሰሜን አየርላንድ፣ ደሪ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው ሰው ገደሉ። አገሩ በሙሉ ከል ለበሰ፤ እዚህ ደብሊን የተቆጣ ሕዝብ ኤምባሲያቸውን አቃጠለ፤ ጭሱ እኛ ጋ ድረስ ታየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለንደን ላይ እንግሊዝን አሸነፍን። የቀሩን ሁለት ጨዋታዎች ነበሩ፣ ሁለቱም እዚሁ በራችን። ባሌ ዋንጫውን ወስደናል ብሎ ደንበኛውን ሁሉ ሲያቅፍ ሰነበተ።

ከዚያ ስኮትላንዶች አንመጣም አሉ። ለተጫዋቾች ማስፈራሪያ ደርሷል ተባለ። ቀጥለው ዌልሶችም አንመጣም አሉ። ውድድሩ እንዲሁ ሳያልቅ ቀረ፣ አሸናፊም አልነበረው። ባሌ ሬዲዮኑን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። እኔ የታየችኝ ፊሎሚና ናት። ሮጬ ሄድኩ። የእንግዶቹን አልጋ እያነጠፈች ነው።

"አልሰማሽም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ። ቡድኑ ነው የማይመጣው። ኤምሊን ቡድኑ ውስጥ ይጫወታል?"

ጨዋታው ሊካሄድ ታስቦ በነበረው ቅዳሜ ማለዳ መርከቧን ልትቀበል ስትወጣ ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ተከተልኳት። ወደቡ ላይ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። አዲሱን ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አንድ ቄስ ወረዱ። ልጆች ያንጠለጠሉ ሴቶች ወረዱ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰፊ ሰውዬ ከሩቅ ሲመጣ እጇ ክንዴን ጨበጠው፤ ቀረብ ሲል ሌላ ሰው ነው። ጨበጣዋ ላላ። ሠራተኞቹ የመርከቡን ወለል ማጠብ እስኪጀምሩ ቆምን።

"ብርድ ነው፣ እንሂድ" አልኳት።

"አንቺ ሂጂ። ዕቃ የጠፋው ሰው ወደ ኋላ ይቀር ይሆናል።"

አልሄድኩም። በኋላ ሁለታችንም በአውቶቡስ ተመለስን። ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሕዝቡ ሲጮህ መስኮታችን በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት፣ ሰፈሩ ጭር አለ። ከግድግዳው ወዲያ የሷን ጫማ እሰማለሁ፤ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ስድስቱንም አልጋ መልሳ ስታፈርስ ነበር፣ በኋላ እንዳየሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታው ካርዲፍ ነበር፣ የነሱ አገር። ባሌ ወገቡን ይዞት አልሄደም፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ግን ብዙ ሰው ይሄድ ነበር። "ከነሱ ጋር ሂጂ" ብዬ ለመንኳት።

"ወንድ ፍለጋ ባሕር ተሻገረች ልባል?"

"ይበሉ። ማን ሆኑና?"

"ያልመጣው እሱ ነው፣ ኡና። ያልመጣ ሰው ይምጣ።"

አንገቷ አይታጠፍም አይደል? ተናድጄ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። እሷም አልሄደችም።

በ1974 ዌልሶች እንደገና ተራቸው ደርሶ መጡ። አምስት ሆነው። እኔ ቋሊማ አድርሼ ቁርስ ላግዛት ቀርቼ ነበር። በር ላይ ቆማ እንደ ልማዷ ሽንኩርቱን ነቀለች። አምስተኛው ከገባ በኋላ ግን በሩን ቶሎ አልዘጋችውም፤ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች። ከዚያ ዘግታ ገባችና መጥበሻውን ጣደች።

የሰዎቹ አለቃ ሜርቪን የሚባል ጩኸታም ነው። በዚያ ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ በላ። ሻይ ስትቀዳለት ነው የጠየቀችው። "ጓደኛችሁስ፣ አቶ ፕሮሰር?"

"ኤምሊን አይመጣም፣ ሚስ ካፍሪ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም እዚህ ቤት ላልመጣ ነበር። አዝኜብዎት ነበር።"

"ምን አድርጌዎት?"

"ባለፈው ዓመት ያንን ሰው እንደዚያ ማቆም ነበረብዎት?"

"የት ነው ያቆምኩት?"

"ካርዲፍ ባቡር ጣቢያ ነዋ። በኛ ተራ አልሄድንም፣ አሁን ተራው የነሱ ነው፣ ትመጣለች አለ። ከመጀመሪያው ባቡር ጀምሮ ቆመ። ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ ና ስንለው በሚቀጥለው ትመጣለች አለን። አልቆ ስንወጣ እዚያው ነበር፤ ለእርስዎም ለሱም ቲኬት ኪሱ ውስጥ።"

"ማን ነው እመጣለሁ ያለው?"

"ማንም አላለም። ተራው ግን የእናንተ ነበር።"

ፊሎሚና የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ናት። ሜርቪን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "'መልሷን ሰጠችኝ' ብሎን ወደ ቤቱ ሄደ። በመስከረም አገባ። ቤተ ጸሎታችን ውስጥ ኦርጋን የምትመታዋን። ደግ ሴት ናት።"

"ጨዋታውን አላየም ማለት ነው?" አለች።

"አላየም። ጩኸቱን ከውጭ ሰምቶት እንደሆነ እንጃ።"

"እንቁላል ጨምሪላቸው፣ ኡና" አለችኝና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ጨመርኩላቸው። ማንም አልበላውም። ሰዎቹ ሳይዘፍኑ ወደ ስታዲየም ከወጡ በኋላ ተከተልኳት። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሽርጧን ሳትፈታ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን ሬዲዮ ከፍቼ ነበር" አለችኝ። "የካርዲፉን ጨዋታ። ሳይጀመር በፊት ሲዘፍኑ ይሰማል። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ያ ሁሉ ሺህ ሰው እየዘፈነ የሱን ድምፅ ለየሁት፣ ኡና። ይኼ ወፍራሙ እሱ ነው አልኩ። ብቻዬን ነኝ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ፣ እዚሁ ቁጭ እንዳልኩ 'እሺ' አልኩት። ጮክ ብዬ።"

እጇን ያዝኩት። በረዶ ሆኗል።

"ለማን ነው ታዲያ እሺ ያልኩት?" አለችኝ።