ለመንገድ ያሳደግሁት ፂም

ፂም መላጨት ላይ ቀልድ አላውቅም። የደባርቅ ብርድ አጥንት በሚሰረስርበት ማለዳ እንኳ ውኃ አሙቄ፣ መስኮቱ ላይ በሰቀልኳት ትንሽ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጉንጬንና አገጬን አለስልሼ ነው ከቤት የምወጣው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ሙሽራው» ይሉኛል። ሲሉኝ የተቆጣሁ እመስላለሁ እንጂ ደስ ይለኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ምላጭ ሳልነካ የከረምኩት።

ምክንያቱ የተራራ ጉዞ ነበር። ዳባት ተወልጄ፣ ዳባት ተምሬ፣ ደባርቅ ተቀጥሬ ስኖር፣ ፈረንጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚያየውን የሰሜን ተራራ እኔ የማውቀው ሆቴል ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፎቶ ነበር። ይኼው ነገር አንድ ቀን ሲያበሽቀን፣ ከቢሮ አምስት ስድስት ሆነን በጥቅምት ተራራውን በእግራችን ልናቋርጥ ተማከርን። ጊዜው መንገዱ ሰላም የነበረበት ነው። ከመካከላችን ከዚያ በፊት የሄደ አንድ ሰው ብቻ ስለነበር፣ እሱ ወዲያው መምህራችን ሆነና ስለ ጓዝም ስለ ሰውነት አያያዝም ሕግ ያወጣልን ጀመር።

«አንተ ፂምህን አትላጭ» አለኝ፣ ከሁሉም ለይቶ። «ላይ ያለው ነፋስ የተላጨ ፊት ካገኘ ይሰነጥቀዋል። ደግሞስ እዚያ ሙቅ ውኃ ከየት አባትህ ልታመጣ ነው?»

ልብሳችሁም ጥቁር ይሁን አለን፤ ቆሻሻ አያሳይም፣ ፀሐይ ስቦ ቶሎ ይደርቃል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ዳር ሳላደርስ አልለቅም። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር የሹራብ ኮፍያ ገዛሁ፤ ለአንገቴም ጥቁር ሻል ጨመርኩበት። ፂሜ ወጥቶ ወጥቶ ጉንጬን ሲሸፍነው በመስታወት እያየሁ «ይኼስ ያምራል» አልኩ። ደባርቅ ላይ ማንም ምንም አላለኝም። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ፂሙን አሳድጎ በሚዞርበት ዘመን የኔ ፂም ከማን ይለያል?

ጓዜን የከተትኩት አልጋው ላይ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በእጄ አንሥቼ እየመዘንኩ ነው። ካልሲዎቼን ለየብቻ በፌስታል ጠቀለልኩ። እርጥብ ሶፍት፣ የከንፈር ቅባት፣ ዲኦድራንት፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ለጆሮዬ ጥጥ ያዝኩ። የጥርስ ብሩሼን እጀታ ክብደት ይቀንሳል ተብዬ በቢላ ቆርጬ አሳጠርኩት፤ በቀነስኩት ክብደት ፋንታ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ጨመርኩ። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ከታች፣ የምተኛበትን ስሊፒንግ ባግ ከላይ አድርጌ ስጨርስ ቦርሳው ቆሞ ሰው ያህል ነበር። ለኔ ምቾት ያስፈልጋል የተባለ ነገር አንድም አልቀረም። ለሌላ ሰው የሚሆን ግን ምንም አልነበረበትም። ለማን ይያዛል? ተራራ ላይ ዘመድ አለኝ ብዬ አላሰብኩም።

እናቴ እኮ የጃናሞራ ልጅ ናት። ለትዳር ነው ዳባት የመጣችው። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ እዚያው በተወለዱበት ጎጥ ቀርተዋል። ልጅ ሳለሁ እናቴ አንዴ በበቅሎ ይዛኝ ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እሷ በሄደች ቁጥር እኔ ትምህርት አለኝ፣ ፈተና አለኝ፣ ሥራ አለኝ እያልኩ ቀረሁ። ኋላ እሷም ጉልበቷን እያመማት መሄዱን ተወችው። «ጃናሞራ» ለኔ እናቴ ስታወራ የምሰማው የዘመድ፣ የገብስና የለቅሶ አገር ነበር። «የሰሜን ተራራ» ደግሞ ያ ሆቴል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነው። ሁለቱ አንድ መሬት መሆናቸው አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይኼን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ለእናቴ ደውዬ ጥቂት ቀን ተራራ ልሄድ ነው ስላት፣ «ተራራው ላይ ምን ልትሠራ?» አለችኝ።

«ላየው ነዋ» አልኳት።

«መሬት ነው እኮ» አለችና፣ መልካም መንገድ ተመኝታልኝ ዘጋች።

መንገድ ላይ የመምህራችንን ሕግ ከሁሉም አብልጬ ያከበርኩት እኔ ነኝ። ክሬሙን በየዕረፍቱ እቀባለሁ፤ ላቤ ያሟሟውና ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ዓይኔ ሲያቃጥለኝ በሻሌ አሻለሁ፤ ይብሱን ይቀላል። ከንፈሬ ቅባቱን ሁሉ ጠጥቶ ተሰነጠቀ፣ ድምፄም በብርዱ ተዘጋ። ጓዛችንን በበቅሎ የጫኑልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከሌሎቹ ጋር እየተሣሣቁ ይመጡና እኔ ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዳገት ላይ ቆሜ ስተነፍስ ትከሻዬን ነካ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» ይሉኛል። ድካሜ ገብቷቸው ነው ብዬ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

አንድ ቀን ማምሻውን ገደል አፋፍ ላይ ድንኳን ተክለን ሻይ ስንጠጣ፣ ባለ በቅሎው ከበታቻችን ያለውን ጎጥ በዱላቸው እያመለከቱ ስሙን ጠሩ። የእናቴ ጎጥ ነው። ደነገጥኩ። የአክስቴን ስም ነግሬያቸው «በሕይወት አሉ?» አልኳቸው። የገዛ አክስቴ መኖራቸውን የምጠይቀው ሌላ ሰው ነበር።

«አሉ እንጂ። ያቺ ባሕር ዛፍ ሥር ያለችው ቤት ናት።»

ጓደኞቼ በማግሥቱ ቁርስ በልተው ስለሚነሡ፣ ሊነጋጋ ሲል ወርጄ ሳም አድርጌያቸው እንድመለስ ተስማማን። ያ መምህራችን ልሸኝህ አለኝ። ባለ በቅሎውም ቤቱን ላሳያችሁ አሉ። ባዶ እጄን መሄዱ አሳፍሮኝ ቦርሳዬን በረበርኩ። ከዚያ ሁሉ ጓዝ ውስጥ ለአንዲት አሮጊት የሚሰጥ ያገኘሁት፣ ተከፍቶ ግማሹ የተበላ ብስኩት ነው። አፉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። አክስቴ በጎቹን ከጋጣ እያስወጡ ነበር። ቀና ብለው አዩን። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ልብሴን፣ ከዚያ በግራና በቀኜ የቆሙትን ሁለት ሰዎች አዩ። ከንፈሬ እንዳይደማ ብዬ ፈገግ እንኳ አላልኩም። የያዙትን ዱላ ለቀው አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«የእህትዎ ልጅ ነኝ» አልኩ በተዘጋው ድምፄ። «ሰላም ልልዎት ነው።»

«አውቄሃለሁ» አሉ። «መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«መቼ ነው የሞተችብኝ?»

ያኔ ነው ራሴን በሳቸው ዓይን ያየሁት። መርዶ የሚመጣው ሲነጋ ነው። የሚያረዳ ሰው ብቻውን አይመጣም። እናቱ የሞተችበት ወንድ ፂሙን አይላጭም፣ ጥቁር ይለብሳል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ድምፁ ይዘጋል። ለብርድና ለፀሐይ ብዬ ስንት ሳምንት ያሰናዳሁት ገላ ለአክስቴ የእህታቸውን ሞት ነገራቸው።

«ኧረ ደህና ናት!» አልኩ ደንግጬ። «ምንም አልሆነችም።»

መርዶ ነጋሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚለው ይኼንኑ ነው። ደህና ናት ይላል፤ ቆይቶ ትንሽ አሟታል ይላል፤ ጎረቤት እስኪሰበሰብና ሐዘንተኛውን የሚይዝ ሰው እስኪቀርብ ድረስ ነገሩን ያድበሰብሳል። አክስቴ በዕድሜያቸው ስንቱን «ደህና ነው» ሰምተው ቀብረዋል። መምህራችን ሊያግዘኝ ብሎ «እውነቱን ነው እማማ፣ ትንሽ እንኳ አላመማቸውም» አለ። እሱ እናቴን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። «አላመማቸውም» የምትለዋን ሲሰሙ አክስቴ ደረታቸውን መቱ። በድንገት ነው የሞተችው ብለው ነው።

ከዚያ ጩኸቱ ጎጡን አዳረሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከየቤቱ ወጡ። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እንኳ ሳትታጠብ መጥታ አክስቴን ከኋላ አቀፈቻቸው። ራሳቸውን መሬት ላይ እንዳይጥሉ ይዘዋቸው ሳለ አንድ ቄስ ወደኔ ቀረቡ።

«ልጄ፣ እንግዲህ እኛ አለንላት» አሉኝ በቀስታ። «አርዳት። መደበቁ አይበጃትም።»

«አባ፣ እናቴ አልሞተችም። ፂሙ ለብርዱ ነው። እንዳይሰነጥቀኝ ብዬ ነው።»

ቄሱ ያዘኑልኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መሆኔን ላስረዳ ብዬ ከኪሴ ብስኩቱን አወጣሁ። ያንን የተበላ ብስኩት ይዤ በዚያ ሁሉ አልቃሽ መካከል ቆምኩ። ማንም እጁን አልዘረጋልኝም፤ መልሼ ከተትኩት። በቸገረኝ ጊዜ ወደ ባለ በቅሎው ዞሬ፣ እርስዎ ይመስክሩልኝ እንጂ አልኳቸው። አገጫቸውን አከክ አደረጉ።

«እኔስ ገና ደባርቅ ሳይህ ሐዘን ላይ ነው ብዬ አይደል ዝም ያልኩህ» አሉ።

አክስቴ ይኼኔ ለቅሷቸውን ገታ አደረጉና አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ አታድክመኝ» አሉ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ያልመጣህ ልጅ፣ እሷ ደህና ሆና ምን ያመጣሃል?»

ፂሙንና ልብሱን ማስተባበል እችል ይሆናል፤ ይኼን ግን በምን ላስተባብለው? አክስቴ ያሰሉት ስሌት ትክክል ነው። እኔ ያለ መርዶ የምመጣ ሰው አልነበርኩም።

ያለው መላ ስልክ ብቻ ነበር፤ ጎጡ ውስጥ ግን ኔትወርክ የለም። ያለው ድንኳናችን የተተከለበት አፋፍ ላይ ነው። ባለ በቅሎው ወጥተው አንዷን በቅሎ ይዘው ተመለሱ። አክስቴን ሁለት ሰው ደግፎ አስቀመጣቸው፤ ሴቶቹም ቄሱም ከኋላ ተከተሉ። ዳገቱን ስንወጣ ለቅሶው ወደ እንጉርጉሮ ዝቅ ብሎ አብሮን ወጣ። ጓደኞቼ አፋፉ ላይ ቆመው ጥርሳቸውን እየቦረሹ ነበር። ያ ሁሉ ሐዘንተኛ ከነበቅሎው ወደነሱ ሲመጣ ሲያዩ ብሩሹን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ። ኮፍያቸውን ያወለቁም ነበሩ።

ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። ረጅም ጠራ። እያንዳንዱ ጥሪ ሲያልፍ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔም ባታነሣስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ፤ በዚያች ቅጽበት ከሁሉም ሰው ጋር እናቴ ሞታ እንደሆነ መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

«ሃሎ?» አለች እናቴ በእንቅልፍ ድምፅ።

«ማነሽ?» አሉ አክስቴ።

«አንቺስ ማነሽ?»

«አለሽ?» አሉ አክስቴ።

«እትዬ?» የእናቴ ድምፅ ወዲያው ነቃ። «እትዬ፣ በዚህ ማለዳ ምንድነው? ማን ሞተ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን መለስ አደረጉ። ያቺ ሊጥ የያዘች ጎረቤት ፊቷን ሸፍና ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች። አክስቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ። ሊነግሯት ነው ብዬ ጠበቅሁ። እንዲህ ሆኖ መጥቶ አሸበረኝ ቢሏት እውነታቸውን ነበር።

«ማንም አልሞተም» አሉ። «ልጅሽ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው። ድምፅዋን ላሰማዎ ብሎኝ ነው የደወልነው።»

የጎጡ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ቄሱም አዩ።

«አንተ፣ እዚያ ነህ?» አለችኝ እናቴ። «ተራራ ላይ ብለህ እኮ ነው የሄድከው። ለካ እትዬን ልትጠይቅልኝ ኖሯል። ይዤላት የምሄድ ነገር ስጪኝ እንኳ ሳትለኝ፣ ሳልክህ፣ በራስህ አስበህ። አሁን ልጅ ወለድኩ። አንጀቴን እንዳራስከው አንጀትህ ይራስ። ጠያቂ ዘመድ አያሳጣህ።»

ምን ይዤ እንደመጣሁ አልጠየቀችም። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አክስቴ ግን ከበቅሎዋ ጎንበስ ብለው ስልኩን ወደ አፌ አስጠጉልኝና፣ እናትህ መርቃሃለች መልስ እንጂ በሚል ዓይን አዩኝ።

«አሜን» አልኳት።